የጥቅስ ምልክትና የዒልም አማና፦ በኮምፒዩተር ጽሑፍና በኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ የሚደርሱ ስሕተቶችና እርማታቸው

መግቢያ

ንግግርን ለተናጋሪው መመለስ የዒልም አማና ነው። የአላህ ቃል ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐዲሥ፣ ሐዲሡ ከሶሐባው ንግግር፣ የሶሐባው ንግግርም ኋላ ከመጣው ዓሊም ማብራሪያ ተለይቶ እንዲታወቅ የቀደሙት ሊቃውንት ብዙ ደክመዋል። በጥንቱ የዐረብኛ የእጅ ጽሑፍ ዛሬ የምናውቀው የጥቅስ ምልክት አልነበረም። የንግግሩ መነሻ «ቃለ» (አለ) በሚለው ግስ፣ መድረሻውም ብዙ ጊዜ «ኢንተሃ» (ተፈጸመ) ከሚለው ቃል በተወሰደ ምሕጻር ይታወቅ ነበር። ዛሬ ይህን ኀላፊነት የተሸከሙት ሁለት ትናንሽ ምልክቶች ናቸው፤ አንዱ ይከፍታል፣ ሌላው ይዘጋል።

የሐዲሥ ሊቃውንት የራዊው ቃል ከነቢዩ ቃል ጋር ተቀላቅሎ ሲተላለፍ «ሙድረጅ» ይሉታል። በ463 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት አል-ኸጢብ አል-በግዳዲ በዚህ ርእስ ላይ ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፈዋል። በትምህርቱ ዘወትር የሚነሣው ምሳሌ የአቡ ሁረይራ ዘገባ ነው። ውዱእን አሟልተው እንዲያደርጉ ሰዎችን ያሳሰቡበት የራሳቸው ንግግር፣ ተረከዛቸውን ሳያጥቡ ለሚተዉ ከተነገረው የነቢዩ ማስጠንቀቂያ ጋር በአንዳንድ ራዊዎች ዘንድ አንድ ሆኖ ተላልፏል። ሊቃውንቱ ሌሎቹን የዘገባ መንገዶች አነጻጽረው ለዩት። የመዝጊያ ምልክቱ የጠፋበት ወይም የተገለበጠበት የኮምፒዩተር ገጽም ይህንኑ መቀላቀል ያስከትላል፤ ልዩነቱ የሚያነጻጽረው ሰው አለመኖሩ ነው።

በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ፣ በጌዶ ወይም በጀልዱ ወረዳ ማእከል በጎጆ የሚያስተምር መምህር የሚያዘጋጀው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ሦስት ቋንቋዎችን ይነካል፦ አማርኛን በግእዝ ፊደል፣ ኦሮምኛን በቁቤ፣ ዐረብኛንም በራሱ ፊደል ከቀኝ ወደ ግራ። ሦስቱም ለጥቅስ ምልክት የየራሳቸው አጠቃቀም አላቸው። የጽሑፍ ማቀናበሪያው ሶፍትዌር ግን ከእንግሊዝኛ ጽሕፈት የወረሰውን አንድ ልማድ በሁሉም ላይ ይጭናል። በዚህ ጽሑፍ የስሕተቱን ምንጭ፣ በእያንዳንዱ ቋንቋ የሚያስከትለውን ጉዳትና የሚታረምበትን መንገድ በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

1. ምልክቶቹና ቁጥሮቻቸው

ኮምፒዩተር ምልክትን የሚያውቀው በመልኩ ሳይሆን በቁጥሩ ነው። ለዐይን የሚመሳሰሉ ሁለት ምልክቶች ቁጥራቸው ከተለያየ ለማሽኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ፣ በተለመደው ዐሥርዮሽ አቈጣጠር፣ ለጉዳያችን የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው፦

– ቀጥ ያለ ነጠላ ጥቅስ (') 39፣ ቀጥ ያለ ድርብ ጥቅስ (") 34። ከቁልፍ ሰሌዳው ላይ በቀጥታ የሚመቱት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።
– ጠማማ ነጠላ ጥቅስ፦ መክፈቻው (‘) 8216፣ መዝጊያው (’) 8217።
– ጠማማ ድርብ ጥቅስ፦ መክፈቻው (“) 8220፣ መዝጊያው (”) 8221።
– በአማርኛ መጻሕፍት የተለመደው ትእምርተ ጥቅስ፦ መክፈቻው («) 171፣ መዝጊያው (») 187። በጥቅስ ውስጥ ላለ ጥቅስ የሚያገለግሉት ነጠላዎቹ ‹ እና › ደግሞ 8249 እና 8250 ናቸው።

የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ሰንጠረዥ የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትም ሲሆን መሠረታዊው ክፍል ከ4608 እስከ 4991 ያለውን ቦታ ይዟል። ከዚያ በፊት የተሠሩ የግእዝ ፎንቶች ግን ፊደላችንን በላቲን ምልክቶች ቁጥር ላይ ይሥሉት ነበር። ስለዚህ በድሮ ፎንት በተጻፈ ሰነድ ውስጥ ለጥቅስ ምልክት በተመደበ ቁጥር ላይ ፊደል ተሥሎ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ያለው ሰነድ አስቀድሞ ወደ ዩኒኮድ ሳይለወጥ የጥቅስ እርማት ቢደረግበት የሚበላሸው ምልክቱ ብቻ ሳይሆን ቃሉም ጭምር ነው።

2. ማሽኑ እንዴት ይወስናል?

ጸሐፊው ቀጥ ያለውን ጥቅስ ሲመታ ሶፍትዌሩ ወዲያውኑ ወደ ጠማማ የሚለውጥበት አሠራር «ስማርት ኮትስ» ይባላል። ስሙ ብልህ ቢሆንም የሚሠራበት ሕግ እጅግ ቀላል ነው፦ ከምልክቱ በፊት ያለውን ብቻ ያያል። ከፊቱ ክፍት ቦታ፣ የመስመር መጀመሪያ ወይም የመክፈቻ ቅንፍ ካለ መክፈቻ ያደርገዋል፤ ፊደል ወይም ሌላ ሥርዓተ ነጥብ ካለ ግን መዝጊያ ያደርገዋል። የቃሉን ትርጉም፣ ቋንቋውን፣ የተናጋሪውን ማንነት አይመረምርም።

የመጀመሪያው ስሕተት ከዚህ ይወለዳል። ብዙ ጸሐፊዎች «እንዲህ አሉ» ከሚለው በኋላ ፦ አስቀምጠው ክፍት ቦታ ሳይተዉ የጥቅሱን ቁልፍ ይመታሉ። ማሽኑ ከፊቱ ሥርዓተ ነጥብ ስለሚያገኝ ሐዲሡን በመዝጊያ ምልክት ይጀምረዋል። መድኀኒቱ ቀላል ነው፤ ከ፦ በኋላ አንድ ክፍት ቦታ መተው ወይም ከመነሻው « እና » የሚሉትን ምልክቶች መጠቀም ነው። እነዚህ መክፈቻቸውና መዝጊያቸው በቁጥር የተለያየ ስለ ሆነ ጸሐፊው ራሱ ይመርጣቸዋል እንጂ ማሽኑ አይገምትላቸውም። በዊንዶውስ ኦልት የተባለውን ቁልፍ ይዞ በቁጥር ሰሌዳው 0171 ቢመቱ «፣ 0187 ቢመቱ » ይወጣል።

3. ሁድሃ ፊደል ነው

ቁቤ የኦሮምኛ መጻፊያ ሆኖ በይፋ ከተመረጠበት ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከጉሮሮ ተቆርጦ የሚወጣው ድምፅ ሁድሃ በተባለው ምልክት ይጻፋል። ቅርጹ ከነጠላ ጥቅስ ጋር አንድ ቢሆንም ተግባሩ የፊደል ነው። «ዛሬ» የሚለውን፣ «ፍየል» የሚለውን፣ «ጥቅም» የሚለውን የኦሮምኛ ቃል ያለ ሁድሃ መጻፍ አይቻልም። ከዐረብኛ የመጣው የ«ዱዓ» ስያሜ ደግሞ በኦሮምኛ አጻጻፍ ሁለት ሁድሃ ይይዛል፤ «ሞት» የሚለው ቃልም በሁድሃ የሚጻፍ ስለ ሆነ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ፊደሎቹ ሁሉ በቦታቸው ሲገኙ ብቻ አንባቢ በትክክል ያየዋል።

ስማርት ኮትስ በርቶ ሳለ በቃል መካከል የተመታ ሁድሃ ወደ 8217 ይለወጣል። በወረቀት ላይ ይህ ጉዳት አይመስልም፤ እንዲያውም ለዐይን ያምራል። ችግሩ የሚታየው በፍለጋ ጊዜ ነው። ከመጽሐፉ ግማሹ በስልክ ተጽፎ 39፣ ግማሹ በኮምፒዩተር ተጽፎ 8217 ከያዘ፣ ፕሮግራሙ ሁለቱን አንድ አድርጎ እንዲያይ ካልተሠራ በቀር ቃሉን የሚፈልግ ተማሪ ግማሹን ብቻ ያገኛል። የቃላት ዝርዝር በፊደል ተራ ሲደረደርም አንዱ ቃል በሁለት ቦታ ይወድቃል።

የዩኒኮድ መመሪያ እንዲህ ያለው ምልክት ፊደል ሆኖ ሲያገለግል 700 የተሰጠውን ልዩ አፖስትሮፍ ይመርጣል። ይህን ምልክት በቀጥታ የሚያወጣ የቁልፍ ሰሌዳ ግን በብዙ ጸሐፊ እጅ የለም። ስለዚህ በእኛ አስተያየት የሚበጀው፣ በኮምፒዩተርና በስልክ ለሚነበብ ጽሑፍ አንባቢው ራሱ መትቶ ሊፈልገው የሚችለውን 39 መጠበቅ፣ ለማተሚያ ቤት ለሚሄድ ጽሑፍ ደግሞ በመጨረሻው እርማት ላይ ሁሉንም በአንድነት ወደ 8217 መለወጥ ነው። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ይቻላል፤ ማደባለቅ ግን አይገባም።

4. ዐይንና ሀምዛ

የዐረብኛ ስሞችንና ቃላትን በላቲን ፊደል የሚጽፍ ተመራማሪ የባሰ አደጋ ይገጥመዋል። በተለመደው ቀለል ያለ አጻጻፍ ዐይን በመክፈቻ ነጠላ ጥቅስ (8216)፣ ሀምዛ በመዝጊያ ነጠላ ጥቅስ (8217) ይወከላል። ሁለቱን ፊደላት የሚለየው የምልክቱ አቅጣጫ ብቻ ነው ማለት ነው። ስማርት ኮትስ ደግሞ አቅጣጫውን የሚወስነው በድምፁ ሳይሆን በቦታው ነው። በቃል መጀመሪያ ላይ ያለው የዑመር ወይም የዑሥማን ዐይን በአጋጣሚ ትክክል ይወጣል። በቃል መካከል ያለው የካዕባ፣ የሸሪዓ፣ የጁሙዓ ዐይን ግን ሁልጊዜ ሀምዛ ይሆናል።

ይህ ጥቃቅን ጉዳይ አይደለም። በዐረብኛ «ሰአለ» በሀምዛ ሲሆን ጠየቀ ማለት ነው፤ «ሰዐለ» በዐይን ሲሆን ግን አስሎታል ማለት ነው። ግእዝም በሁለቱ ቃላት ይህንኑ ልዩነት ይጠብቃል፤ የአማርኛው «ሳለ» ከሁለተኛው የመጣ ነው። እንዲሁም «አሊም» አሳማሚ፣ «ዐሊም» ሁሉን ዐዋቂ ማለት ነው፤ የመጀመሪያው የቅጣት መግለጫ፣ ሁለተኛው ከአላህ ስሞች አንዱ ነው። በግእዝ ፊደል የምንጽፍ ሰዎች አ እና ዐ የተባሉ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ስላሉን ከዚህ አደጋ ድነናል። በአማርኛ ንግግር ድምፃቸው አንድ ስለ ሆነ በጽሑፍ ማቀላቀሉ የተለመደ ነው፤ ለዐረብኛ ቃላት ግን ልዩነቱን መጠበቅ ብዙ ይጠቅማል።

በላቲን የሚጽፍ ሰው ከጥቅስ ምልክት ይልቅ ለዚሁ የተመደቡትን ግማሽ ክቦች ይጠቀም፦ ለዐይን 703 (ʿ)፣ ለሀምዛ 702 (ʾ)። በማይክሮሶፍት ወርድ «ኢንሰርት» ውስጥ «ሲምቦል» በሚለው ይገኛሉ። ስማርት ኮትስ የሚለውጠው 34ንና 39ን ብቻ ስለ ሆነ በሚጻፉበት ጊዜ እነዚህን አይነካቸውም።

5. ቅንብሩን ማስተካከል

በማይክሮሶፍት ወርድ መንገዱ ይህ ነው፦ «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ፕሩፊንግ»፣ «ኦቶኮሬክት ኦፕሽንስ»፣ ከዚያም «ኦቶፎርማት አዝ ዩ ታይፕ» የሚለው ገጽ። በዚያ ቀጥ ያሉ ጥቅሶችን በስማርት ኮትስ ስለ መተካት የሚናገረውን ምልክት ማጥፋት ነው። «ኦቶፎርማት» የሚባል ሌላ ገጽ ተመሳሳይ ምርጫ ስላለው እርሱንም ማየት ይገባል። ቅንብሩን ሳያጠፉ አንድን ምልክት ብቻ ለመመለስ፣ እንደ ተለወጠ ወዲያውኑ ኮንትሮልና ዘድ መምታት ይበቃል።

ሊብሬኦፊስ ለእኛ ይበልጥ ይመቻል። «ቱልስ»፣ «ኦቶኮሬክት»፣ «ሎካላይዝድ ኦፕሽንስ» ውስጥ የነጠላና የድርብ ጥቅስ ምርጫ ተለያይቶ ቀርቧል። የነጠላውን አጥፍቶ ሁድሃን መጠበቅ፣ የድርቡን አብርቶ መክፈቻውን «፣ መዝጊያውን » ማድረግ ይቻላል። ጸሐፊው የተለመደውን ቁልፍ ይመታል፤ የሚወጣው ግን የአማርኛው ምልክት ነው። በጉግል ዶክስ «ቱልስ» ውስጥ «ፕረፈረንስስ» በሚለው፣ በአይፎን ደግሞ በ«ሴቲንግስ»፣ «ጄነራል»፣ «ኪቦርድ» ውስጥ «ስማርት ፓንክችዌሽን» በሚለው ማጥፋት ይቻላል።

ቅንብሩ የሚሠራው ወደፊት በሚመታ ጽሑፍ ላይ ብቻ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። አስቀድሞ የተጻፈውንና ከሌላ ቦታ ተገልብጦ የተለጠፈውን አይለውጥም።

6. የተቀላቀለ ሰነድ ሲያጋጥም

ከብዙ ሰው የተሰበሰበ ጽሑፍ ሁልጊዜ የተቀላቀለ ነው። ለማረም የሚከተለውን ቅደም ተከተል እንመክራለን።

በመጀመሪያ የሰነዱን ቅጂ ማስቀመጥ። ሁለተኛ፣ ምን እንዳለ መቁጠር። በወርድ የፍለጋ ሳጥን ውስጥ " ብቻ ቢጻፍ ቀጥ ያለውንም ጠማማውንም ያገኛል። ለይቶ ለማየት ግን ^34 ቀጥ ያለውን ድርብ፣ ^39 ቀጥ ያለውን ነጠላ፣ ^0145 እና ^0146 ጠማማዎቹን ነጠላዎች፣ ^0147 እና ^0148 ጠማማዎቹን ድርቦች ያሳያሉ። ሦስተኛ፣ ከድርቡ መጀመር። ^0147ን በ«፣ ^0148ን በ» መተካት ያለ ስጋት በአንድ ጊዜ ሊደረግ ይችላል፤ ከ፦ ቀጥሎ የተገለበጡት ብቻ በዐይን ይፈለጋሉ። የቀሩትን ^34ዎች ግን አንድ በአንድ እያዩ መወሰን ያስፈልጋል፤ መክፈቻና መዝጊያቸው አንድ ቁጥር ነውና።

አራተኛ፣ ነጠላውን በመጨረሻ መንካት። ሁድሃ፣ ዐይንና ሀምዛ የተደበቁት በዚህ ውስጥ ነው። «ሁሉንም ተካ» የሚለውን ቁልፍ ነጠላ ጥቅስ ላይ መጫን ዐይንን ከሀምዛ ለዘለዓለም ያቀላቅላል፤ ከዚያ በኋላ የሚለያቸው ዐረብኛውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

አምስተኛ፣ ያልተዘጋ ጥቅስ መፈለግ። በወርድ ፍለጋ «ዩዝ ዋይልድካርድስ» የሚለውን አብርቶ የሚከተለውን መጻፍ ነው፦

«[!»]@«

ይህ ቀመር ሳይዘጋ ሌላ የተከፈተበትን ቦታ ያሳያል። እያንዳንዱ ውጤት በሐዲሥና በማብራሪያ መካከል ያለ ድንበር የጠፋበት ቦታ ሊሆን ስለሚችል ከምንጩ ጋር መመሳከር አለበት። በቁርኣን ትርጉም «በል» ከሚለው ትእዛዝ በኋላ የሚከፈት ንግግር ከአንድ አንቀጽ አልፎ ሊሄድ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ መዝጊያው የት እንደሚውል የሚወስነው ትርጉሙ እንጂ የአንቀጹ ቁጥር አይደለም። ተርጓሚው ለማብራራት የጨመረው ቃልም በቅንፍ እንጂ በጥቅስ ምልክት መለየት አይገባውም።

7. ወደ ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ሲለወጥ

የኢፐብ መጽሐፍ ውስጡ ድረ ገጽ የሚጻፍበት ዐይነት ኮድ ነው። በኮዱ ውስጥ ያሉት ቀጥ ያሉ ጥቅሶች የጽሑፉ አካል ሳይሆኑ የኮዱ ሰዋስው ናቸው። አንድ አራሚ የኮዱን ገጽ ከፍቶ 34ን ሁሉ ወደ ጠማማ ቢለውጥ ምዕራፉ ጨርሶ ላይከፈት ይችላል። ስለዚህ የጥቅስ እርማት በጽሑፍ ማቀናበሪያው ተጠናቅቆ ነው ወደ ልወጣ መግባት ያለበት።

ለልወጣ በሰፊው የሚያገለግለው ካሊበር በ«ሉክ ኤንድ ፊል» ክፍል ሁለት ተቃራኒ ምርጫዎች አሉት። «ስማርትን ፓንክችዌሽን» ቀጥ ያሉትን ያጠማዝዛል፤ «አንስማርትን ፓንክችዌሽን» ጠማማዎቹን ያቃናል። በቁቤ ለተጻፈ ወይም የዐረብኛ ስሞችን በላቲን ለያዘ መጽሐፍ ሁለቱም መጥፋት አለባቸው። የመጀመሪያው በቃል መካከል ያለውን ሁሉ ሀምዛ ያስመስላል፤ ሁለተኛው ዐይንንና ሀምዛን ወደ አንድ ምልክት ያወርዳል።

መጽሐፉ ተለውጦ ሲከፈት የሚታየው ጉድለት ምንጩን ይናገራል። የግእዙ ፊደል ደኅና ሆኖ በጥቅሱ ቦታ ባዶ ሣጥን ከታየ፣ የተመረጠው ፎንት ያ ምልክት የለውም፤ ፎንቱን መለወጥ ይበቃል። ግእዙም ጥቅሱም በአንድነት ወደ እንግዳ የላቲን ምልክቶች ከተለወጡ፣ ፋይሉ በዩቲኤፍ 8 ተጽፎ በሌላ ኮድ ተነብቧል፤ በትክክለኛው ኮድ እንደ ገና መክፈት ያስፈልጋል። ግእዙ ደኅና ሆኖ በጥቅሱ ቦታ ሦስት ሦስት እንግዳ ምልክቶች ከታዩ ደግሞ፣ ጠማማ ጥቅስ በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ ስሕተቱ የደረሰው ጽሑፉ ወደዚህ ሰነድ ከመለጠፉ በፊት ነው፤ እያንዳንዱን ፈልጎ መተካት ነው መፍትሔው።

8. የዐረብኛ ጥቅስ በአማርኛ አንቀጽ ውስጥ

የጥቅስ ምልክቶች የራሳቸው አቅጣጫ የላቸውም፤ ከጎረቤቶቻቸው ይወስዳሉ። የዐረብኛ አንቀጽ በአማርኛ ዓረፍተ ነገር መካከል ሲገባ መዝጊያው ምልክት ወደ ሌላኛው ጫፍ የሚዘልለው ለዚህ ነው። በተጨማሪም « እና » በቀኝ ወደ ግራ ጽሑፍ ውስጥ ቅርጻቸው እንደ መስታወት ይገለበጣል፤ ጠማማዎቹ ግን አይገለበጡም። ስለዚህ በዐረብኛው ውስጥ «ተገልብጧል» ብሎ 171ን በ187 መተካት ትክክለኛውን ማበላሸት ነው።

አስተማማኙ ዘዴ ዐረብኛውን በራሱ አንቀጽ ከቀኝ ወደ ግራ በሚል ቅንብር ማስቀመጥ፣ የአማርኛውን ትርጉምም ከሥሩ በ« » መጻፍ ነው። በአንድ መስመር መዋል ካለበት የጥቅስ ምልክቶቹ ከዐረብኛው ውጭ፣ የአማርኛው አካል ሆነው ይቀመጡ፤ ከዐረብኛው መጨረሻ ቀጥሎ፣ ከመዝጊያው ምልክት በፊት፣ የማይታየው የግራ ወደ ቀኝ ምልክት (8206) ይግባ። ለቁርኣን አንቀጾች የተመደቡት ያጌጡ ቅንፎች (64830 እና 64831) ቅርጻቸው ስለማይገለበጥ በዐረብኛ ጽሑፍ መክፈቻው 64831፣ መዝጊያው 64830 መሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል።

መደምደሚያ

ከላይ የዘረዘርናቸው እርምጃዎች ሁሉ በአንድ መርሕ ይጠቀለላሉ፦ የጥቅስ ምልክትን ማሽኑ እንዲገምት አለመተው። አንድ ዝግጅት ክፍል ወይም አንድ መድረሳ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በግማሽ ገጽ ላይ አራት ነገሮችን ይወስን፦ ለአማርኛ ጥቅስ የትኛው ምልክት፣ ለጥቅስ ውስጥ ጥቅስ የትኛው፣ ለሁድሃ የትኛው ቁጥር፣ ለዐይንና ለሀምዛ የትኞቹ። ጸሐፊዎች ሁሉ ስልካቸውንና ኮምፒዩተራቸውን በዚያ ያስተካክሉ። ከመታተሙ በፊትም ምንጩን የሚያውቅ አንድ ሰው የመክፈቻና የመዝጊያ ምልክቶቹን ብቻ እየተከተለ ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር ያንብብ። ሠላሳ ገጽ ላለው የኹጥባ ስብስብ ይህ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ በሚንበር ላይ የሚነበበው ቃል የማን እንደ ሆነ ለሰሚው የሚያረጋግጠውም ይኸው ሥራ ነው። ወሏሁ አዕለም።